አሮጌውን ቡልኮ አታጥቡት

ይድረስ በጅማ የአሮጌ ልብስ ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት ለተነሣችሁ ወጣቶች፤

ልጆቼ፣ ከየቤቱ ሣጥን ቡልኮ፣ ጋቢ፣ ኩታና ድሪቶ መሰብሰብ ስትጀምሩ ባለቤቶቹ መጀመሪያ የሚሏችሁ «ቆይ፣ አጥበን እንስጣችሁ፤ እንዲህ ሆኖ እንዴት ለሰው ይታያል?» ነው። በትሕትና አስቁሟቸው። በትከሻው በኩል የጠቆረው ወዝ፣ የምድጃው ጭስ ሽታ፣ ጫፉ ላይ የፈሰሰው ቡና፣ ልብሱ እንዴት እንደተለበሰና የት እንደኖረ የሚመሰክሩ ናቸው። አንዴ ከታጠቡ ማንም ባለሙያ አይመልሳቸውም።

ጉዳቱም የማስረጃ መጥፋት ብቻ አይደለም። የጥጥ ክር ሲያረጅ ውስጡ አሲድ ያዘለ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ወፍራም ቡልኮ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ በብዙ ይጨምራል፤ ከገንዳው በሁለት እጅ ሲነሣ በገዛ ክብደቱ ይተረተራል። እንዶድ ለዘመናት ሸማ ሲያነጣ የኖረ ነው፤ ነገር ግን በእንዶድ ማጠብ ማለት ማሸትና መጭመቅም ጭምር ነው፣ ያንን ደግሞ ያረጀ ክር አይችለውም። በረኪና የባሰ ነው፣ ክሩን ራሱን ይበላዋል። ጥለቱ ላይ ያለው ቀይና ጥቁርም ወደ ነጩ ሊለቅ ይችላል። ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ትንሽ ነጭ ጥጥ በንጹሕ ውሃ አርጥባችሁ በማይታይ ቦታ ለአንድ ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ ልብሱ ውሃ ሊነካው አይገባም። ካልያዘም የጨርቅ ጥበቃ ባለሙያ ሳያየው አትንከሩት።

ማድረግ የምትችሉት አቧራውን ማንሣት ነው። የመስኮት ትንኝ መከላከያ የሚሆነውን የናይሎን ወንፊት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፣ ጠርዙን በጥጥ ጥብጣብ ክፈፉት፣ ልብሱ ላይ አንጥፉና አቧራ የሚስበውን ማሽን (የቫኪዩሙን) ጉልበት ዝቅ አድርጋችሁ በወንፊቱ በላይ አሳልፉ። አትጎትቱት፤ አንሡና በሚቀጥለው ቦታ አሳርፉት። ወንፊቱ የላላው ክር እንዳይሳብ ይይዘዋል። ጥላሸት ግን በብሩሽም በጨርቅም አይነካም፤ ቅባት ስላለው ሲታሽ ወደ ክሩ ውስጥ ይገባል።

ወደ ድሪቶው ልምጣ። ብዙ ጊዜ የሚናቀው እሱ ነው። ሰው የአባ ጅፋርን ዘመን የመኳንንት ልብስ ማየት ይፈልጋል፣ ደግ ነው፣ ይታይ። ነገር ግን የአንድን ቤተሰብ ሠላሳና አርባ ዓመት በአንድ ገጽ ላይ የሚያሳያችሁ ድሪቶ ነው። ቁራጭ በቁራጭ ላይ የተሰፋው ድሪቶ ቅደም ተከተል አለው፤ ጠርዙ በሌላው ጠርዝ ላይ የወጣው ቁራጭ ኋላ የመጣ ነው። ድሪቶውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ፣ በወረቀት ላይ ንድፉን ሳሉ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ስጡ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚደርብ በቀስት አመልክቱ። ከዚያ በማጉያ መነጽር ክሩን እዩ። በእንዝርት የተፈተለ ክር አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ አንዱ ቦታ ይቀጥናል፤ የፋብሪካ ክር ዳር እስከ ዳር አንድ ነው። በእጅ የተሰፋው ስፌት ርቀቱ ይለያያል፤ የመኪናው እኩል ነው፣ ከሥርም ሁለተኛ ክር አለው። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነ ሸማም ታገኛላችሁ፤ ሁለቱን ለይታችሁ መዝግቡ።

ክሩ ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ በራሱ ተበጥሶ ከወደቀ ክር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በመቆንጠጫ ይዛችሁ ከልብሱ ርቃችሁ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ግራጫና ልም ነው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ከልብሱ ላይ ክር መዝዛችሁ እንዳትሞክሩ። ውስጡን ለማየት ብላችሁ ስፌት አትፍቱ፤ ቀድሞ የተተረተረ ቦታ ካለ በዚያ በኩል በባትሪ ማየት ይበቃል። ቀዳዳም አትጣፉ። ለዐውደ ርእዩ ብላችሁ የምትጨምሩት አዲስ እራፊ ከአሥር ዓመት በኋላ የባለቤቷ እጅ መስሎ ይነበባል።

ሲመዘገብ የዘመን አቆጣጠሩን ሳትጽፉ ዓመት አትጻፉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። አንድ ልብስ ላይ «1932» ብቻ ተጽፎ ከቀረ በአውሮፓው አቆጣጠር የንጉሡ መጨረሻ ዓመት ይሆናል፣ በእኛ አቆጣጠር ግን ጣሊያን ጅማን የያዘበት ዘመን ነው። በጥቂት ፊደል መጉደል ልብሱ ከአንድ ዘመን ወደ ሌላ ዘመን ይሻገራል።

ቁጥሩ ልብሱ ላይ አይጻፍም። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ነጭ የጥጥ ጥብጣብ ላይ በእርሳስ ጻፉና በጠርዙ የጀርባ በኩል በሁለት በሦስት ልል ስፌት ያዙት፤ መርፌው በክሮቹ መካከል ይለፍ፣ ክሩን አይውጋ። እስክሪብቶ የሥራ ክፍሉ ውስጥ አይግባ። ቡናውም ውጭ ይጠጣ፤ በጅማ ይህን ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ይጠጣ ውጭ። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ።

ከባለቤቱ ጋር የምትፈራረሙት ወረቀት ስጦታ መሆኑን ወይም ውሰት መሆኑን በግልጽ ይናገር። ውሰት ከሆነ የሚመለስበት ቀን፣ ሲወጣ የነበረው ቀዳዳና እድፍ ከነልኩ፣ ከማስመሪያ ጋር የተነሣ ፎቶ አብሮ ይያያዝ። በአማና የተሰጣችሁን ዕቃ ያለ ወረቀት መቀበል ደግነት አይምሰላችሁ፤ አያት ካለፉ በኋላ ልጆች ሲጠይቁ የሚከራከርላችሁ ያ ወረቀት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስም እንዲመዘገብ ያዛል፤ ስለዚህ ሥራውን ስትጀምሩ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን አሳውቁ። ታሪኩን የምትጠይቁት ባለቤቷ በምትናገርበት ቋንቋ ይሁን። ፈትሉን ማን ፈተለ፣ ማን ሸመነ፣ ለምን ቀን ተለበሰ፣ ማን ጣፈው ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በራሷ ቃል ጻፉት፤ አፋን ኦሮሞ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ይቀመጥ፣ ትርጉሙ ከጎኑ ይምጣ።

ከየቤቱ የመጣ ልብስ ሁሉ ተባይ አለበት ብላችሁ ተነሡ። ብል ሱፍና ሐር ይመርጣል፣ ላብና ምግብ የነካውን ጥጥ ግን አይተውም፤ በረሮም እንዲሁ። ምስጥ ደግሞ ከወለልና ከግድግዳ ይመጣል፣ ስለዚህ ምንም ነገር ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ናፍታሊን አትጠቀሙ፤ ለመተንፈሻ አካላችሁ መርዝ ነው፣ ሽታውም ከልብሱ በቀላሉ አይለቅም። የሚሻለው ብርድ ነው። ልብሱን በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ በሁለት ድርብ ላስቲክ ውስጥ አየሩን አስወጥታችሁ አሽጉ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ2 ሳምንት አስቀምጡ። ሲወጣ ላስቲኩ ሳይከፈት 24 ሰዓት ይቆይ፤ ቀድማችሁ ከከፈታችሁ የአየሩ እርጥበት በቀዘቀዘው ጨርቅ ላይ ውሃ ይሆናል። መብራት በመካከል ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከሞቀ ቆጠራውን ከአንድ ጀምሩ፤ በዝግታ የሞቀና የቀዘቀዘ የተባይ እንቁላል ሊተርፍ ይችላል። ዶቃ፣ ቆዳ ወይም ብረት ያለበትን ግን ባለሙያ ሳትጠይቁ አታስገቡ። ብርዱ ሻጋታን አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ።

የጅማ ዋና ጠላት ሻጋታ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ሊነሣ ይችላል፣ በክረምት ደግሞ በጅማ ያንን ማለፍ ቀላል ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ውሳኔ ቀኑ ነው፤ ዐውደ ርእዩን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት አድርጉት። በሐምሌ እንዲከፈት የሚገፋችሁ ካለ እምቢ በሉ። የዲጂታል እርጥበት መለኪያ ግዙና መጀመሪያ ፈትኑት። በጠርሙስ ቆርኪ ላይ የገበታ ጨው አድርጋችሁ በጥቂት ጠብታ ውሃ ለውሱ፣ ጭቃ ይምሰል እንጂ አይቅለጥ። ከመለኪያው ጋር በሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ እስከ ማግስቱ ተዉት። 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 69 ካሳየ ከዚያ ወዲያ በምታነቡት ሁሉ ላይ 6 ጨምሩ። ጠዋትና ማታ መዝግቡ፤ ፍላጎታችሁ ከ45 እስከ 60 መካከል ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ነው። ልብሱን የውጭ ግድግዳ ላይ አታስጠጉ፤ ግድግዳው ስለሚቀዘቅዝ ጀርባው ይረጥባል። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ።

የሻገተ ልብስ ከመጣ ለብቻው ለዩት፣ በደረቅ ቦታ ይድረቅ፣ ስታጸዱት ጭምብል አድርጉ፣ ደጅ ላይ ይሁን። ዕቃዎቹ ባሉበት ክፍል ውስጥ መጥረግ ዘሩን ለሌላው ማዳረስ ነው።

ስለ ብርሃን አጭር ስሌት ልስጣችሁ። ለጨርቅ የሚፈቀደው 50 ሉክስ ነው፤ ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። በቀን 8 ሰዓት ለ75 ቀን ቢበራ 30,000 የሉክስ ሰዓት ይሆናል። መብራቱ 500 ሉክስ ከሆነ ያንኑ ያህል ጉዳት በሰባት ቀን ተኩል ትጨርሱታላችሁ፤ የጠፋው ቀለም መብራቱ ሲጠፋ አይመለስም። መስኮቱን ሸፍኑ፣ ኤልኢዲ ተጠቀሙ፣ ጎብኚ ሲገባ የሚበራ ማብሪያ ከተገኘ እሰየው። የመግቢያውን በር አካባቢ ደግሞ ደብዘዝ አድርጉት፤ ከጠራራ ፀሐይ የመጣ ዓይን ጥቂት ደቂቃ ካላገኘ «ጨለማ ነው፣ አይታይም» ይላል፣ እናንተም ተሸንፋችሁ መብራት ትጨምራላችሁ።

ሰቀላው ላይ ብዙ ልብስ ይሞታል። ሚስማርና መርፌ ቁልፍ ክብደቱን ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ይጥሉታል። ጠንካራ ለሆነ ቡልኮ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቬልክሮ የሚባለውን ተጣባቂ ጥብጣብ ፈልጉ። ለስላሳውን ወገን ከሱ ሰፋ ባለ የጥጥ ጥብጣብ ላይ በመኪና ስፉት፣ ከዚያ ጥብጣቡን በልብሱ የላይ ጠርዝ ጀርባ በእጅ ስፉ። ሻካራው ወገን በግድግዳው ጣውላ ላይ ይመታል። በድሪቶና በጋቢ ስፌቱ ድርቦቹን ሁሉ ይያዝ፤ የጀርባውን ድርብ ብቻ ከያዘ የፊቱ ወደ ታች ይንሸራተትና ሆድ ያወጣል። በተቻለ መጠን ድሩ ወደ ታች ይውረድ፣ ብዙ ጊዜ ከማጉ ይልቅ ክብደት የሚችለው እሱ ነው።

በጣት ስትነኩት የሚሰባበር ከሆነ አይሰቀልም። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባዘነበለ ሰሌዳ ላይ ይተኛ። የጅማ አናጢዎች ጥሩ ሰሌዳ ይሠሩላችኋል፣ ሆኖም አዲስ እንጨትና ኮምፖርሳቶ አሲድ ያለው ትነት ይለቃሉ። ሰሌዳውን በወፍራም አልሙኒየም ፎይል ሸፍኑ፣ በላዩ የፖሊስተር ሙሌት፣ በሙሌቱ ላይ አቡጀዲ። አቡጀዲው ከሱቅ ሲመጣ ሙጫ ስላለው በሙቅ ውሃና በጥቂት ሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ፤ ማለስለሻ አይጨመር። የዕይታ ሣጥኑ ከተቀባ በውሃ በሚበጠበጥ ቀለም ይሁን፣ ተከፍቶ 4 ሳምንት ይናፈስ። ቀቢው ሲዘገይ የሚቀነሰው ይህ ጊዜ ነው፤ እናንተ ግን አትቀንሱት፣ የመክፈቻውን ቀን ግፉት።

የመግለጫ ጽሑፉ አጭር ይሁን፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ቆሞ ለሚያነብ ሰው በሚበቃ ትልቅ ፊደል። ፈታይዋና ሸማኔው ካልታወቁ «ፈታይዋና ሸማኔው አልታወቁም» ብላችሁ ጻፉ። የሚታወቁ ከሆነና ቤተሰቡ ከፈቀደ የነሱ ስም ከባለቤቱ ስም በፊት ይምጣ።

ዐውደ ርእዩ ሲፈርስ ልብሱ አይታጠፍ፤ እጥፋቱ ላይ ክሩ ይቆረጣል። ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን የምንጣፍ ካርቶን ቱቦ በፎይልና በታጠበ አቡጀዲ ሸፍናችሁ በሱ ላይ ጠቅልሉ። ድሪቶ ግን ወፍራም ስለሆነ ሲጠቀለል ይጨማደዳል፤ ከቻላችሁ ተዘርግቶ ይቀመጥ፣ ካልቻላችሁ እጥፋቱ ውስጥ የአቡጀዲ ጥቅል አስገቡ። የውሰት ልብስ ስትመልሱ የመጀመሪያውን ወረቀትና ፎቶ ይዛችሁ ከባለቤቷ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፣ ፈርሙ፣ አስፈርሙ። ከመሄዳችሁ በፊት ከፌስታል አውጥታ በታጠበ አቡጀዲ እንድትጠቀልለው፣ ከግድግዳ እንድታርቀው፣ ክረምት ሲወጣም ገልጣ እንድታየው ንገሯት፤ አቡጀዲውንም እናንተ ስጧት።