ባዜቃን በብርሃን ማደን፦ ጥያቄና መልስ

ውሃ ውስጥ ያለች ኢምንት ሜርኩሪን (ባዜቃን) በፍሎረሰንስ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ መልሶ በሚያበራ ነገር፣ ስለመለካት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ኢምንት ስትል ስንት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የኢኦርጋኒክ (ከካርቦን ጋር ያልተጣመረ) ሜርኩሪ ጣሪያ በሊትር 6 ማይክሮግራም ነው። 30 ናኖሞላር (በሊትር 30 ቢሊዮንኛ ሞል) ገደማ መሆኑ ነው። መሣሪያችን ከዚያ በታች ማየት ካልቻለ ብዙም አይጠቅመንም።

ጥያቄ፦ ለምን ፍሎረሰንስ? ቀለም የሚቀይር ኬሚካል አይበቃም?

ቀለም ስትለካ የምትፈልገው ከብዙ ብርሃን ላይ የጎደለችውን ጥቂት ነው። ከሞላ ገንቦ አንድ ጠብታ መጉደሏን እንደማወቅ በለው። ፍሎረሰንስ ላይ ግን ጨለማ ውስጥ የበራውን ነው የምታየው። የሚወጣው ብርሃን ከገባው የረዘመ ሞገድ ስላለው፣ የገባውን በማጣሪያ ጋርደህ የወጣውን ብቻ ትቆጥራለህ።

ጥያቄ፦ ሞለኪውሉ ሜርኩሪን በምን ያውቀዋል?

ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። ሜርኩሪ ድኝ አይቶ አያልፍም። ሮዳሚን የሚባለው ቀለም ደግሞ አንዷ የአቶም ቀለበቱ ስትዘጋ ቀለም አልባ ይሆናል፤ አያበራም። በተዘጋው ሮዳሚን ላይ ድኝ ያለው ክንድ እንገጥምለታለን። ሜርኩሪ ሲመጣ ድኙን ነጥቆ ይሄዳል፣ ክንዱ በራሱ ላይ ይታጠፋል፣ ቀለበቷም ትከፈታለች። ያኔ ሙሙቱ ለዓይን ሮዝ ይሆናል፤ አረንጓዴ ብርሃን ሲያርፍበት 580 ናኖሜትር አካባቢ ያበራል። ችግሩ እንደ ክብሪት መሆኑ ነው፤ አንዴ ከተጫረ አለቀ።

ሌላው መንገድ ዲኤንኤ ነው። ሁለት ታይሚኖች (ከዲኤንኤ አራት ፊደሎች አንዱ) ፊት ለፊት ሲገጥሙ ሜርኩሪ መሃላቸው ገብቶ ያያይዛቸዋል። ሰንሰለቱ ሲታጠፍ ጫፉ ላይ ያለው ቀለም ይበራል ወይም ይጠፋል፤ እንደ አሠራሩ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሜርኩሪ ስጨምር ብርሃኑ ጠፋ። የት ተሳሳትኩ?

ምንም አልተሳሳትክም። የሜርኩሪ አቶሚክ ቁጥር 80 ነው። እንዲህ ያለ ከባድ አቶም አጠገቡ ያለውን ቀለም ትሪፕሌት ወደሚባለው ሁኔታ ይገፋዋል፤ ጉልበቱም ሳያበራ ይባክናል። እኔ በግሌ የሚጠፋ ብርሃን ብዙም አላምንም። መዳብም ያጠፋል፣ ኦክስጅንም ያጠፋል። የጠፋ መብራት ማን እንዳጠፋው አይናገርም።

ጥያቄ፦ የሚያሳስት ብረት አለ?

ብር። እሱም ድኝ ይወዳል። ክሎራይድ (ጨው ውስጥ ያለው) ጨምረህ ብሩን ማዝቀጥ ትችላለህ፤ ግን ክሎራይድ ሜርኩሪንም አጥብቆ ይይዛል። ጨዋማ ውሃ ላይ የብዙ ሰው ዘዴ የሚከሽፈውም በዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ሜርኩሪ የሌለበት ባዶ ናሙናዬ ራሱ ያበራል። ላብድ ነው!

አትበድ፤ መጀመሪያ ፒኤቹን (የአሲድነቱን መጠን) እይ። ሜርኩሪ የጠርሙስ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ ናሙናው ላይ አሲድ እንጨምራለን አይደል? ያው አሲድ የሮዳሚኑን ቀለበት ብቻውን ይከፍታል። እኔም በዚህ ስህተት ሳምንት ሙሉ የሌለ ሜርኩሪ ሳሳድድ ከርሜያለሁ። ከመለካትህ በፊት አሲዱን በበፈር (ፒኤችን በሚያረጋ ሙሙት) አስተካክል። ከዚያ ቢያንስ 10 ባዶ ናሙና ለካ። የንባቦቹን መደበኛ ልይይት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) በ3 አባዝተህ ለካሊብሬሽን መስመርህ ስሎፕ (የታወቀ ሜርኩሪ ሲጨመር ብርሃኑ ለሚያድግበት ልክ) አካፍል፤ ልታየው የምትችለው ትንሹ መጠን እሱ ነው። ሦስት ባዶ ለክቶ ፒኮሞላር (የናኖሞላር ሺኛ) አየሁ የሚል ሰው ሲገጥምህ ዝም ብለህ እለፈው።

ጥያቄ፦ ዓሣ ላይስ ይሠራል?

በቀጥታ አይሠራም። ዓሣ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ሜቲልሜርኩሪ (ከካርቦን ጋር የተጣመረ ሜርኩሪ) ነው፤ ከፕሮቲን ድኝ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው። መጀመሪያ ሥጋውን በጠንካራ አሲድ አሟሙቶ ነፃ ማውጣት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በስልክ ካሜራ ለክቼ ውጤት ባወጣስ?

አጠራጣሪውን ናሙና ለመለየት ይሆናል። ቁርጥ ያለ ቁጥር ከፈለግክ ግን ሜርኩሪውን ወደ ትነት ቀይሮ በ253.7 ናኖሜትር ብርሃን የሚለካው መሣሪያ አለ። የሚገርመው እሱም ፍሎረሰንስ ነው፤ የሚያበራው ግን ራሱ የሜርኩሪ አቶም ነው።

ጥያቄ፦ የተረፈውን ሙሙት የት ልድፋው?

የትም አትድፋው! ለካሊብሬሽን ያዘጋጀኸው ሜርኩሪ ናሙናህ ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ክዳን ባለው ጠርሙስ ለብቻው አጠራቅመህ፣ ስሙን ጽፈህበት፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚያስወግዱት አስረክብ።