ታሪክ ለምትወዱ ልጆቼ፣ ከትራሱ ጀምሩ

ልጆቼ፣ ታሪክ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎቼን የማስጠናው የነገሥታት ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ነበር። ሄንሪ ስምንተኛ፣ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ እያልኩ። በዚያ ዘመን ተራው እንግሊዛዊ ምን ላይ ይተኛ እንደነበር የሚጠይቀኝ ልጅ ቢነሳ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ይቆጨኛል።

መልሱን በኋላ ያገኘሁት ከአንድ የገጠር ቄስ ነው። ዊልያም ሃሪሰን ይባላል፤ በኤሴክስ፣ ራድዊንተር በምትባል መንደር ያገለግል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1577 በታተመ ጽሑፉ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች «በዕድሜያችን ተለወጡ» ያሏቸውን ሦስት ነገሮች አስፍሯል። ሽማግሌዎቹ ጦርነት አላነሱም። ያነሱት የጭስ ማውጫውን መብዛት፣ መኝታውንና የገበታውን ዕቃ ነው።

እነሱ ልጆች ሳሉ በአብዛኛው የገጠር ከተማ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ከሁለት ከሦስት አይበልጥም ነበር። እሳቱ ቤት ውስጥ ይነድዳል፤ እዚያው ይበስላል፣ እዚያው ይበላል። የሚተኙት ገለባ ላይ ነው። ራስጌያቸው ግንድ ነው። ትራስ ለአራስ ሴት ብቻ የሚገባ ነገር ነው ይባል ነበር! ሰው ከተጋባ በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍራሽና እብቅ የተሞላ የራስጌ ከረጢት ከገዛ፣ እንደ አገሩ ጌታ የተመቸው ይመስለው ነበር። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ማንበቤን አቆማለሁ። ሰባት ዓመት፣ ለአንድ ፍራሽ።

ያኔ ሁሉም በልጅነቱ ያገባ ነበር ብላችሁም አትቸኩሉ። ብዙው ወጣት በአሥራዎቹ ዕድሜ ሰው ቤት ገብቶ በዓመት ውል ያገለግል ነበር። የሚያገባው ጎጆ መውጫ ሲያጠራቅም ነው፤ ይህም በአብዛኛው ሃያ አምስት ዓመት አካባቢ ነው።

የምመክራችሁ የዕቃ ዝርዝር እንድታነቡ ነው። ንብረት ያለው ሰው ሲሞት ጎረቤቶቹ በየክፍሉ እየዞሩ ዕቃውን ከነዋጋው ይመዘግቡ ነበር። ድስት፣ አንሶላ፣ ላም፣ ሁሉም አለ። ግን የሌለውንም ፈልጉ። የባለትዳር ሴት ዕቃ በሕግ የባሏ ነበር። ስለዚህ ድስቱን ዕድሜ ልኳን ስትፈትግ የኖረችው ሚስት ስሟ ላይገኝ ይችላል። ምንም የሌለው ድሃማ ከነጭራሹ አይመዘገብም።

የእነዚያን ሽማግሌዎች ወሬ ያተረፈልን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለሰማቸው ነው። እናንተም ዛሬ ማታ አያታችሁ ዘንድ ተቀመጡ። «በዕድሜዎ የተለወጡ ሦስት ነገሮች ይንገሩኝ» በሏቸው። ያሉትን ሳታሳምሩ ጻፉት፤ ቀኑንም አትርሱ።