አባትሽ ለምን ዝም እንዳሉ

አብሽሪ ልጄ። «አባቴ በደርግ ጊዜ ከደሴ ተነስቶ በአፋር በረሃ ጂቡቲ፣ ከዚያም አሜሪካ ገባ። ነፃ አገር ይህን ያህል ዘመን ኖሮ ስለ ጉዞው አንድም ቀን አያወራም፤ ለምን?» ብለሻል። እኔም የወጣሁት በዚያው መንገድ ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደሴ ላይ ወጣት መሆን ብቻውን ያስጠረጥር ነበር። ቀይ ሽብር ነው። አብዮት ጥበቃ ሌሊት በር ያንኳኳል፤ የተወሰደው ልጅ የት ደረሰ ተብሎ አይጠየቅም። ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ኬላ ላይ ይለፍ የሌለው አለቀለት። ለመጥፋት ያሰበ ለወንድሙም አይናገርም፤ ያልሰማ ሰው ቢገረፍ እንኳ የሚያወጣው የለውም።

እኛ የወጣነው በባቲ ነው። ሰኞ ገበያተኛ መስለን ገባን፤ ሲመሽ ግመል ከሚነዱ አፋሮች ጋር ወደ ቆላው ወረድን። መሪያችን መንገድ ላይ ሰው ባገኘ ቁጥር ይቆማል። ይጨባበጣሉ፤ ከዚያ ረጅም ወሬ። እኔ በጭንቀት ልሞት! ለካ ዳጉ ነው። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይነግር አያልፍም፤ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። የትኛው ጉድጓድ ውሃ እንዳለው፣ ወታደሩ የት እንደሰፈረ ያወቅነው በዚያ ነው። አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው።

ጂቡቲ ውስጥ ድክሒል በምትባል ከተማ ወደነበረው የስደተኞች ካምፕ ገብቶ መመዝገብ ነፍስ ማትረፍ ነው፤ ነፃነት ግን አልነበረም። ጂቡቲ ራሷ ከፈረንሳይ እጅ ከወጣች ገና ዓመት ቢሆናት ነው። ሙቀት፣ ራሽን፣ ሰልፍ፣ «መልሰው ይሰጡን ይሆን?» የሚል ስጋት።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ብዙዎቻችን ተሻገርን። እዚያ ለሠርግ ሌላ ከተማ ልሄድ ስል፣ ስደተኞችን የምትረዳውን ሴትዮ ይለፍ እንድትጽፍልኝ ጠየቅኳት። ግራ ገባት። ቲኬት ከቆረጥክ ይበቃል አለችኝ። ሌሊቱን አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል። የሚፈትሽ የለም። ሰው ተኝቷል። ሲነጋ መስኮቱን ይዤ አለቀስኩ።

ዝምታው ግን አብሮን ተሻግሯል፤ ምክንያቱም ቤተሰብ እዚያው ደሴ ነው። ደብዳቤ ይከፈታል። የጠፋ ልጅ ያለው ቤት ይጠየቃል። ለእናቴ የምጽፈው «ደህና ነኝ» ብቻ ነበር፤ እሱንም በሌላ ሰው ስም፣ በጂዳ በኩል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. እስኪወድቅ ድረስ እንዲያ ኖርን። እናቴን ሳልቀብራት ቀረሁ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አባትሽ የደበቁሽ ነገር ያለ አይምሰልሽ። ያ ዝምታ ሰው አትርፏል፤ ከዚያ በኋላ መተው ከባድ ነው። «ለምን ተሰደድክ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ ምርመራ ይመስላል። ቡና ተፈልቶ ቤቱ ሲረጋጋ «ባቲ ማን ቤት አደርክ? ውሃ ማን ሰጠህ?» በያቸው። ድክሒል የነበሩ ከሆነ ደግሞ ጻፊልኝ፤ ምናልባት እንተዋወቃለን።