ኤታኖል ቤንዚንን ሊተካ ይችላል ወይ?

«ኤታኖል በእርግጥ ታዳሽ የመኪና ነዳጅ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብለው ለጠየቁት ጥያቄ መልሴ «ይችላል፤ ነገር ግን ከምን እንደሚመረት ይወስነዋል» የሚል ነው። ኤታኖል ከዕፅዋት የሚገኝ ስኳር ተብላልቶ የሚወጣ አልኮል ነው። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ በፋብሪካው ማሞቂያ ውስጥ ነድዶ ለማጣሪያው እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ስለሚሰጥ፣ ከውጭ የሚፈለገው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። የበቆሎ ስታርች ግን አስቀድሞ ወደ ስኳር መለወጥ አለበት፤ ለማሞቂያውም አብዛኛውን ጊዜ የተፈጥሮ ጋዝ ስለሚነድ የሚገኘው የኃይል ትርፍ በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ትክክል አይመስለኝም።

በሞተር በኩል ደግሞ አንድ ሊትር ኤታኖል ከአንድ ሊትር ቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ኃይል ስላለው፣ መኪናው በአንድ ታንክ የሚሄደው ርቀት ያጥራል። የኦክቴን መጠኑ (ሲጨመቅ ያለጊዜው እንዳይነድ የመቋቋም አቅሙ) ከፍተኛ በመሆኑ ግን የመጨመቅ ምጣኔው (የአየርና የነዳጁ ድብልቅ ከመንደዱ በፊት የሚጨመቅበት ልክ) ከፍ ተደርጎ የተሠራ ሞተር ከጉድለቱ የተወሰነውን ያካክሳል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለበትን ድብልቅ አብዛኞቹ ዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ያለ ለውጥ ይቀበሉታል። ጥንቃቄ የሚያሻው ለረጅም ጊዜ ለሚቆም መኪና ነው፤ ኤታኖል እርጥበት ስለሚስብ፣ ውሃው ሲበዛ ከኤታኖሉ ጋር ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ታንኩ ግርጌ ይወርዳል፤ ሞተሩም አልነሣ ይላል።

በስፋት እንደሚሠራ ብራዚል አሳይታለች፦ ብሔራዊ መርሐ ግብሯን እ.ኤ.አ. በ1975 ጀምራ፣ ከ2003 ወዲህ ሁለቱን ነዳጆች በማንኛውም መጠን ቀላቅለው የሚነዱ መኪኖች ለገበያ ቀርበውባታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው፤ ለነዳጅ ሲባል ደን ከተመነጠረ፣ ከአፈሩና ከዛፎቹ የሚለቀቀው ካርቦን የብዙ ዓመታቱን ጥቅም ይበላዋል።