«ሐና» ወይስ «ሃና»?

ጥያቄ፦ የልጄን ስም «ሐና» ብለው ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ግን «ሃና» ተብሎ ተጻፈ። ትርጉሙ ምንድን ነው? የትኛውስ አጻጻፍ ትክክል ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎን ያሳድግልዎ። ስሙ የዕብራይስጥ ሲሆን «ራራ፣ ሞገስ ሰጠ» ከሚል ሥር የወጣ በመሆኑ ትርጉሙ ጸጋ ወይም ሞገስ ነው፤ «እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ» የሚል ፍቺ ያለው ዮሐንስም ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የምናገኛት ሐና ልጅ አጥታ በሴሎ ስትጸልይ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እየታየ ድምፅዋ ስላልተሰማ፣ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሥጿት ነበር፤ በኋላ ግን ሳሙኤልን ወለደች። አያቷ ምናልባት የእመቤታችንን እናት ሐናን አስበው ይሆናል።

አጻጻፉን በተመለከተ አያቷ ትክክል ናቸው። የዕብራይስጡ መነሻ ፊደል «ሔት» ሲሆን የግእዝ አቻው ሐመሩ «ሐ» ነው፤ በአማርኛ ንግግር ግን የሁለቱ ፊደላት ድምፅ ስለማይለይ ስሕተቱ በጆሮ አይታወቅም። ፊደሉ የስሙን ትውልድ የሚናገር በመሆኑ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ከምስክር ወረቀቱ ሳይገለበጥ በፊት እንዲያሳርሙት አጥብቄ እመክራለሁ።