ላ ዱዋ ለሚመጡት እህት፦ ከቤቱ በፊት ስምዎን ያስተካክሉ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ዛሬ ጠዋት አነበብኩት። በፈረንሳይዋ ሊዮን በሚገኘው የላ ዱዋ ካምፓስ የማስተርስ ቦታ አግኝተው ኦገስት መጨረሻ ላይ እንደሚመጡ ገልጸው፣ ቤቱን ከአዲስ አበባ ሆነው ይከራዩ ወይስ ደርሰው ይፈልጉ እንደሆነ፣ ከሰነድስ ምን መያዝ እንዳለብዎት ጠይቀዋል። እኔም በሴፕቴምበር 2022 በዚሁ መንገድ ስለመጣሁ፣ ስለ ቪዛውና ስለ ትምህርት ክፍያው ሌሎች አባላት የጻፉትን አልደግምም።

1ኛ፦ ቤት። ካምፓሱ ያለው በራሷ በሊዮን ሳይሆን ከእርሷ ጋር በተያያዘችው በቪለርባን ከተማ ስለሆነ፣ ሲፈልጉ "ሊዮን" ብለው ብቻ አይፈልጉ። ግቢው 100 ሄክታር ያህል ነው፤ የክሎድ በርናር ሊዮን 1 ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ክፍሎች፣ በ1957 የተቋቋመው ኢንሳ የተባለው የምህንድስና ትምህርት ቤትና ሌሎችም ተቋማት እዚያው ተጎራብተው ይገኛሉ። (ለአገር ቤት ሰው "ኢንሳ አጠገብ ነው የምኖረው" ስል፣ እናቴ አዲስ አበባ ያለው የመረጃ መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የገባሁ መስሏት ለጎረቤት ሁሉ በሹክሹክታ ስታወራ ከርማለች።) ከፓሪሱ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ በፈጣን ባቡር መጥተው ፓር-ዲዩ ጣቢያ ከወረዱ፣ በቪቪየ-ሜርል በኩል ወጥተው ቲ1 ትራምን ይያዙ፤ ግቢውን ሰንጥቆ ያልፋል። እኔ በተቃራኒው በር ወጥቼ በሁለት ሻንጣ ጣቢያውን ዞሬዋለሁ። ያላዩትን ቤት ግን ከአዲስ አበባ ሆነው ገንዘብ አይላኩበት። ክሩስ ከተባለው፣ የተማሪዎችን ማደሪያና ምግብ ከሚያስተዳድረው የመንግሥት ተቋም ማደሪያ ካገኙ ሳያመነቱ ይቀበሉ፤ ካላገኙም እስከ 30 ዓመት ላለ ሰው ለቤት ኪራዩ በነጻ ዋስ የሚሆነውን ቪዛል የተባለ አገልግሎት ውል ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከፈረሙ በኋላ አይሆንም። በጥያቄው ላይ የሚሞሉት ስም ግን በፓስፖርትዎ ላይ ያለው ራሱ መሆን አለበት፤ እኔን ያስጠቃኝም ይኸው የስም ነገር ነው።

2ኛ፦ ሰነድ። የልደት የምስክር ወረቀት፣ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ እነዚህን ማንም ይነግርዎታል። ማንም የማይነግርዎት፣ እኛ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ይዘን፣ "ኖም" (የቤተሰብ ስም) እና "ፕሬኖም" (መጠሪያ ስም) የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ብቻ ወዳሉበት አገር መምጣታችንን ነው። የእኔን ስም ለምሳሌ ዮናስ ታደሰ ወልዴ እንበለው። የዩኒቨርሲቲውን የምዝገባ ቅጽ ስሞላ፣ አገር ቤት እንደለመድኩት ፕሬኖም ዮናስ፣ ኖም ታደሰ አልኩ። ፓስፖርቴ ግን የቤተሰብ ስም ብሎ የያዘው አያቴን ወልዴን ሲሆን፣ ዮናስና ታደሰ አብረው በመጠሪያ ስም ቦታ ተቀምጠዋል። ባንኩ ፓስፖርቱን አይቶ ወልዴ አለኝ፤ ማደሪያው የዩኒቨርሲቲውን ወረቀት አይቶ ታደሰ አለኝ፤ የጤና መድኑ ደግሞ ከተተረጎመው የልደት ወረቀት ላይ ሦስቱንም ስም ደርድሮ በኖም ሣጥን ውስጥ አስገባቸው። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ላ ዱዋ ውስጥ ሦስት ሰው ሆኜ ስኖር ምንም አልታወቀኝም፤ ትራሙም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ምግብ ቤቱም ስሜን አልጠየቁኝም።

የተያዝኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። በ2024 መጀመሪያ እዚያው ግቢ በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ የስድስት ወር ልምምድ አገኘሁ። ከሁለት ወር በላይ ለሚቆይ ልምምድ በሕግ ክፍያ አለ፤ በዚያ ዓመት ዝቅተኛው መጠን በሰዓት 4.35 ዩሮ ስለነበር፣ በወር ከ600 ዩሮ ጥቂት በለጥ ይላል። ውሉ የተፈረመው በታደሰ ነው፤ የባንክ ሒሳቡ የወልዴ ነው፤ የመድን ቁጥሩ የሦስቱም ነው። የደመወዝ ክፍሉ "ሒሳቡ የሌላ ሰው ስለሆነ መክፈል አንችልም" ብሎ መለሰልኝ። እንዲህ እየተባለ አራት ወር ያለ ክፍያ ሠራሁ። ከጓደኛዬ ተበደርኩ፤ ብስክሌቴን ሸጥኩ፤ ያኔ ለተቸገሩ ተማሪዎች የክሩስ ምሳ በ3.30 ሳይሆን በ1 ዩሮ ይሰጥ እንደነበር እንኳን የሰማሁት በሦስተኛው ወር ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ነው።

ስሙን ለማስተካከል ከሄድኩባቸው ቦታዎች አንዱን መቼም አልረሳውም፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ግን አልጠራም። ሁለት ሰዓት ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ስደርስ ሴትዮዋ ወረቀቶቼን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ "ፈረንሳይ ውስጥ ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም አለው፤ ያንተ የቱ ነው?" አለችኝ። እኔም በዚያ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ "የቤተሰብ ስም የለኝም፤ ያለኝ አባት ነው" አልኳት። የማሾፍባት መስሏት ወረቀቶቹን ወደ እኔ ገፍታ ተከታዩን ሰው ጠራች። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ሌላ ጉድ ተገኘ፤ ከማዘጋጃ ቤት የወጣው የድሮው የልደት ወረቀቴ ጥር 4 ቀን 1989 ዓ.ም. ስለሚል፣ ተርጓሚው አቆጣጠሩን ሳይቀይር 4/5/1989 ብሎ አስቀምጦታል። ጃንዋሪ 12፣ 1997 የተወለድኩት ሰው በአንድ ብዕር ስምንት ዓመት አረጀሁ። እዚህ አገር የመድን ቁጥር የሚጀምረው በጾታ፣ በትውልድ ዓመትና በትውልድ ወር ስለሆነ፣ ቁጥሩም አብሮ ተበላሸ። ለዚያ ትርጉም የከፈልኩት 45 ዩሮ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

3ኛ ብዬ የምጽፈው ምክር ነበረኝ፤ ነገር ግን እንዴት እንደወጣሁበት መናገሩ ይሻላል። ከፓሪሱ ኤምባሲያችን የሦስቱ አጻጻፎች ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አመጣሁ፤ የልደት ወረቀቱንም ፍርድ ቤት በመዘገበው በሌላ ተርጓሚ እንደገና አስተረጎምኩ። ከዚያም ማንም ሳያግዘኝ አንድ ገጽ በፈረንሳይኛ ጻፍኩ፤ የሐበሻ ስም እንዴት እንደሚሠራ፣ አባቴ ለምን የእኔን "ኖም" እንደማይጋራ፣ የዘመን አቆጣጠራችንስ በስንት እንደሚለይ በቀስትና በሥዕል አስረዳሁ። ይህን ገጽ ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ጋር አያይዤ ላክሁ። በጁን ወር የተጠራቀመው ክፍያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባልኝ። የዲፕሎማ ዋና ቅጂ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እርሱ ከመታተሙ በፊት ስሜ መስተካከሉ ከገንዘቡም በላይ አስደስቶኛል። አሁን እዚያው ግቢ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ የምዝገባ ክፍሏ ጸሐፊ ያንን ገጽ በፋይሏ ውስጥ አስቀምጣ፣ ስማቸው ያልተስማማላቸው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሲመጡ ወደ እኔ ትልካቸዋለች።

እርስዎ ይህን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ሊያልፉት ይችላሉ። ፓስፖርትዎን ከፍተው ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት የማሽን መስመሮች ይመልከቱ። በላይኛው መስመር ኢትዮጵያን ከሚያመለክቱት ሦስት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው ስም ኖምዎ ነው፤ ሁለቱ ተከታታይ የቀስት ራስ መሰል ምልክቶች ካለፉ በኋላ ያለው ሁሉ ፕሬኖምዎ ነው። በምዝገባ ቅጹ፣ በማደሪያው፣ በባንኩ፣ በመድኑ፣ በትራም ካርዱ ላይ ሳይቀር ያንኑ አንድ ፊደል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይጻፉ፤ ዲግሪዎ ላይ ያለው ቅደም ተከተል ቢለይም አያስጨንቅዎት። የልደት ወረቀትዎ የሁለቱም አቆጣጠር ቀን የሌለበት የድሮ ዓይነት ከሆነ፣ ከመምጣትዎ በፊት በአዲሱ ያስቀይሩት።

የምዝገባ ቅጹን እንደ እኔ ሞልተው ልከውት ከሆነም አይደንግጡ፤ የፓስፖርቱን ገጽ አያይዘው ለምዝገባ ክፍሉ በአጭሩ ይጻፉላቸው። ሆኖም ከጁላይ ማብቂያ አንሥቶ ቢሮዎቹ ለእረፍት ስለሚዘጉና እስከ ኦገስት ማለቂያ ድረስ የሚመልስልዎት ስለማይኖር፣ ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይድረሳቸው። የፈረንሳይኛውን ገጽ ከፈለጉ ከታች ይጻፉልኝ፤ የእኔን ስም አውጥተው የራስዎን ያስገቡበት።