ዳማ ውሃ ያልጠጣች ቀን

ልጄ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። ለገጣፎ እንደምትኖር፣ የአንድ ዓመት ተኩል ሃስኪ እንደገዛህ፣ ጠዋት ጠዋት ብስክሌትህን እንዲጎትትልህ ልታሰለጥነው እንደምትፈልግ ነግረኸኛል። የላክኸውን ቪዲዮ ሁለት ጊዜ አየሁት። ውሻው ሲያምር! አንተ ግን ዓይንህ ያለው ስልኩ ላይ ነው። የእናንተ ዘመን ልጆች መጀመሪያ ትቀርጻላችሁ፣ ከዚያ ታስባላችሁ። አትቀየመኝ፣ ሽማግሌ ነኝ።

ከሰባቱ ጥያቄዎችህ ስድስቱን አልፋቸዋለሁ። ክትባቱን፣ የትል መድኃኒቱን፣ የምግቡን ነገር ሰፈርህ ያለ የእንስሳት ሐኪም ይነግርሃል። ሰባተኛዋ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። «ውሻዬ መድከሙን በምን አውቃለሁ?» ብለሃል።

እኔ ይህን የተማርኩት ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ስማር አልነበረም። ለተጨማሪ ትምህርት ኖርዌይ ሄጄ ሳለ አንዱን የበረዶ ወቅት አልታ በምትባል የሰሜን ከተማ አሳለፍኩ። እዚያ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥምቀት ሰሞን ፀሐይ ብቅ አትልም። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ውሾች ተንሸራታች ጋሪ በበረዶ ላይ የሚጎትቱበት ትልቅ ውድድር ይካሄድባታል፤ ረጅሙ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ ለኪስ ገንዘብ ስል አንዲት ውሻ አርቢ ሴትዮ ጋ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ኩስ መጥረግና ውሃ ማመላለስ ነበር።

ውሃው ተራ ውሃ እንዳይመስልህ። ውሻ በብርድ ባዶ ውሃ ብዙም አይጠጣም። ስለዚህ ሞቅ ያለ ውሃ ላይ የዓሣ መረቅ ጠብ ይደረግበታል። ከሩጫ ሁለት ሰዓት አስቀድመን እናጠጣቸዋለን። ከዚያ ሴትዮዋ ትመጣለች። ውሾቹን አታያቸውም። ሳህኖቹን ነው የምታየው። ሳህኑ ላይ ውሃ የተረፈበት ውሻ የፈለገውን ያህል ቢዘል፣ ቢያለቅስ፣ ገመድ ላይ አይታሰርም። ምክንያት አትጠይቅም፣ አትከራከርም። «ያልጠጣ ይቀራል» ብላ ታልፋለች።

አሜሪካኖቹ ደግሞ አላስካ ውስጥ አይዲታሮድ የሚባል የውሻ ውድድር አላቸው፤ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባልቶ የሚባለውን ውሻ ታሪክ ሳትሰማ አትቀርም። በ1925 እ.ኤ.አ. ኖም የምትባለው የአላስካ ከተማ ዲፍቴሪያ የሚባል የጉሮሮ በሽታ ገብቶ፣ 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች መድኃኒቱን እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር በአምስት ቀን ተኩል አደረሱት። ኒውዮርክ ላይ ሐውልት የቆመው ለባልቶ ነው፤ የመጨረሻውን መንገድ ሮጦ ከተማ የገባ እሱ ስለሆነ። ከሁሉ ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የመራው ግን ቶጎ የሚባል ውሻ ነበር። የሰው ዓይን ያለው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ከተማ በገባው ላይ ነው። ከርዕሴ ወጣሁ።

እና አገሬ ስመለስ ይሄ ነገር አልለቀቀኝም። በ1996 ሱሉልታ ቤት ሠራሁ። ቦታው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። በረዶ ባይኖርም ብርድ አለ፣ ጎማ ያለው ነገር ይጎተታል ብዬ አሰብኩ። አላስካም ቢሆን የሚሮጡት እንዳንተ ሃስኪ ዓይነ ሰማያዊዎቹ እንዳይመስሉህ። አብዛኞቹ ቀጫጭን ድቅሎች ናቸው፤ መልክ ሳይሆን እግርና ሆድ ታይቶ የተመረጡ። ታዲያ የሱሉልታ ውሻ ምን ያንሰዋል?

ስድስት ሰበሰብኩ። የባዘነ ውሻ በመርዝ የሚገደልበት ዘመን ስለነበር ሁለቱን ያተረፍኳቸው ከዚያ ነው። ዳማ፣ ቦቢ፣ ሻምበል፣ ነብሮ፣ ጃክ፤ አንዱ ስም ሳይወጣለት «ስድስተኛው» እንደተባለ ቀረ። መታጠቂያቸውን ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በገዛሁት አሮጌ የመኪና ቀበቶ አሰፋሁ። አንድ በያጅ ከብረት ቱቦና ከሦስት የብስክሌት ጎማ ጋሪ ሠራልኝ። ፍሬኑ የሠራውን ሰው ጭምር ያስቅ ነበር፣ ግን ይይዛል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ልጄ ፈረንጅ አገር ዶክተር ሊሆን ሄዶ የውሻ ባለጋሪ ሆኖ መጣ» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

ዳማ ስሟን ያገኘችው ከመልኳ ነው፣ ዳማ ፈረስ የምንለው ዓይነት። 18 ኪሎ ትመዝናለች። ከፊት ሆና የምትመራው እሷ ነበረች። ቀኝና ግራን በሦስት ሳምንት ለየች። ጃክ እስከ መጨረሻው አለየም። መሪ ውሻ ጉልበተኛው አይደለም። የሚሰማህ ነው። ዳማ ትሰማኝ ነበር። ችግሩም እሱ ሆነ።

ውሾቹን የሚያበላልኝ አንድ የሰፈር ልጅ ነበር፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ከትምህርት ቤት በፊት መጥቶ ያጠጣቸዋል፣ ማታ ከቄራ ያመጣውን አጥንት ይቀቅልላቸዋል። ሳህን ማየት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የአልታን ሕግ ቃል በቃል ነግሬዋለሁ።

በጥር አንድ ማታ ጠጅ ቤት ተቀምጠን አንድ ባለጋሪ ነካካኝ። «ዶክተር፣ ስድስት ውሻ ከአንድ ፈረስ አይበልጥም» አለ። ሰው ሳቀ። የተሸነፈ ሙክት ሊያወጣ ተወራረድን። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት፣ በኮረኮንቹ መንገድ 6 ኪሎ ሜትር። እኔም ደስ ብሎኝ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼንና አለቃዬን ከአዲስ አበባ ጠራሁ።

እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ልጁ በር አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ዳማ ውሃዋን አልጠጣችም።»

«ምንም?»

«አሽትታ ተወችው።»

ካልሲዬን እያደረግኩ ነበር። «ጉጉት ነው፣ ስትመለስ ትጠጣለች» አልኩት። ቆመ፣ አየኝ፣ ሄደ።

1 ሰዓት ሆነ። እንግዶቹ የሉም። ማታ ሰርግ አምሽተው ኖሯል። ስደውል «አዲሱ ገበያን አልፈናል» ይላሉ። 2 ሰዓት ሆነ። ባለጋሪው ፈረሱን ጥላ ሥር አቁሞ ገለባ ሰጠው። የእኔ ውሾች ግን ታስረው ነበር፤ ሰው ሲያዩ እየዘለሉ፣ እየጮሁ፣ ገመዱን እየነከሱ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይሮጡ ሮጡ። 3 ሰዓት ሆነ። ውርጩ ጠፋ። የጥርን ፀሐይ ታውቃታለህ፤ ጥላ ውስጥ ጋቢ ታስለብሳለች፣ ሜዳ ላይ ታቃጥላለች። እንግዶቹ ለ4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እየሳቁ ከመኪና ወረዱ።

እዚህ ላይ ነው ልጄ። እኔ ሐኪም ነኝ። ፈረስ እንደ ሰው እንደሚያልበው፣ ውሻ ግን ከመዳፉ በቀር ላብ እንደሌለው፣ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ እንደሆነ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ያለፍኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሰዓት ፈረሱ ሊሮጥ ይችላል፣ ውሾቹ አይችሉም። አውቀዋለሁ። ግን ሰው ተሰብስቧል። ሙክቱ ታስሯል። አለቃዬ መነጽሩን እየጠረገ «እስቲ እንይልህ» ብሏል። ዛሬ ይቅር ብል ምን ይሉኛል? ባለጋሪው ፈራ ይለኛል፣ እነሱ ለዚህ ነው ከእንቅልፋችን የቀሰቀስከን ይሉኛል። ይሉኝታ ያዘኝ። ይባስ ብዬ ጋሪው እንዲቀለኝ ሁልጊዜ የምጭነውን ቢጫ ጀሪካን አወረድኩት። ሃያ ሊትር ውሃ።

«ሂዱ!» አልኩ።

መጀመሪያ ፈረሱን ጥለነው ሄድን። ሕዝቡ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የዳማ ገመድ ላላ። ትንሽ ነው፣ አንድ ጣት የምታስገባ ያህል። የሚጎትት ውሻ ገመዱ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ነው። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። መሪ ውሻ ሲሮጥ ወደ ኋላ አያይም። ምላሷ ጫፉ ላይ እንደ ማንኪያ ተዘርግቷል። ጆሮዋ ላይ አቧራ አለ።

«ሂጂ ዳማ!» ብዬ ጮህኩባት።

ሰማችኝ። ገመዱ ተወጠረ። እንደገና መቶ፣ መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ጎተተችልኝ። ከዚያ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ሄደች፣ የፊት እግሯ ታጠፈ፣ ቦቢ ላይዋ ላይ ወጣ።

ፍሬኑን ይዤ ወረድኩ። ድዷ እንደ ሸክላ ቀልቷል። ውሃ የለም። ቦዩን አየሁ፣ በጥር ደረቅ ነው። ባለጋሪው ከኋላ መጣ። ሊያልፈኝ፣ ሊያሸንፈኝ ይችል ነበር። ልጓሙን ስቦ አቆመ፣ ከጋሪው ሥር የፈረሱን ባልዲ ፈታ፣ ግማሽ ያህል ውሃ ነበረበት። ሆዷና ብብቷ ላይ አፈሰስን። አንድ ቃል አልተናገረም። ልጁ ቦርሳዬን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። ቴርሞሜትሩን አስገባሁ። ሜርኩሪው 42 ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ በላይ መስመር የለውም።

ቤት ወሰድናት፣ ጉሉኮስ ሰቀልኩላት። ትንሽ ቀና ያለች መሰለኝ። ከዚያ ያደረግኩትን ልንገርህ፤ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። እንግዶቹ ሳሎን ነበሩ። ሙክቱ ታርዷል። «ና እንጂ፣ ባለቤት የሌለበት ምሳ!» ብለው ተጣሩ። አንዱ «ውሻ ናት እኮ፣ ሌላ ታመጣለህ» አለ። ገባሁ። እጄን ታጠብኩ። ጥብስ በላሁ። ለአለቃዬ ቢራ ቀዳሁ። ልጁ ጓሮ ተቀምጦ በፎጣ ውሃ እያረጠበ ሆዷን ይዳብስ ነበር። በየመሃሉ ወጥቼ አያታለሁ፣ ተመልሼ እስቃለሁ። 11 ሰዓት ገደማ ከድዷ ደም መንጠብ ጀመረ። እንግዶቼን መኪናቸው ድረስ ሸኝቼ ስመለስ አልቋል። ልጁ ጋቢውን አልብሷታል። ባለጋሪው ከዚያ ሙክት አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ሄዶ ነበር።

«ነግሬህ ነበር» አላለኝም። ሌሎቹን አምስቱን ፈትቶ አጠጥቶ ነበርና ሳህኖቹን ሊያሳየኝ ጠራኝ። «ሁሉም ጨርሰዋል ጋሼ» አለ። ዛሬ ልጁ ትልቅ ሰው ነው፣ አይሱዙ ይነዳል፣ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል። ስለዚያ እሑድ አንስተን አናውቅም።

ጥያቄህ መልስ ይፈልጋል። ሳህኑን እይ። ገመዱን እይ። ምላሱ ሲሰፋ፣ ወደ ጥላ ሲያዘነብል፣ ዞር ብሎ ሲያይህ ያኔ ቁም፤ «እስቲ ትንሽ» አትበል። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ጨርስ። ለገጣፎ ከሱሉልታ ይሞቃል፣ ያንተ ውሻ ደግሞ ድርብ ፀጉር የለበሰ ነው። ይቀለው ብለህ እንዳትላጨው፤ ከፀሐይ የሚከልለውም እሱ ነው። ውሃ ሳትይዝ ከግቢ አትውጣ። ቤታችሁ የሚያበላው ሰው ካለ፣ ዘበኛም ይሁን እህትህ፣ «ዛሬ ልክ አይደለም» ካለህ የዚያን ቀን ሩጫ የለም። ስልክህን ደግሞ ቤት አስቀምጠው።

እንደውም የእኔን ምክር ከፈለግህ ጭራሽ አትጀምረው። ይሄ አገር የፈረስ አገር ነው፣ ውሻ ለጥበቃ ይበቃል።

እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ አምስቱን ይዤ ሁለት ዓመት ቀጥያለሁ። ከመነሳታቸው በፊት ሰፈሩን በጩኸት ያምሱታል። «ሂዱ» ስትል በአንዴ ጸጥ ይላሉ። ከዚያ የሚሰማህ ትንፋሻቸውና ጠጠሩ ብቻ ነው፤ በስተቀኝህ ሯጮች በጨለማው እየተንፈሱ ያልፋሉ፣ የእንጦጦ ጀርባ ገና መቅላቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጠዋት አላየሁም።

የውሻህን የአንገትና የደረት ዙሪያ በሴንቲሜትር ለክተህ ላክልኝ። የዳማ መታጠቂያ መጋዘን ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ላንተው ሳይጠበው አይቀርም፣ ግን ቀበቶው ጎን ላይ ትርፍ አለው። አስፈታዋለሁ።